ስድስት ሰዓት ሲሆን የሚርበን ለምንድን ነው?

ሰኞና ሐሙስ የምትፆሙ እህት ወንድሞቻችን ይህን ታውቁታላችሁ። ጠዋት ክፍል ውስጥ ደህና የነበረ ሰው የካፌው ሰዓት ሲደርስ ሆዱ ይጮኻል። ዙህር ተሰግዶ ትንሽ ሲቆይ ግን ምንም ሳይበላ ረሃቡ ቀለል ይለዋል። አቅም አልቆ ቢሆን ኖሮ እየባሰበት ነበር የሚሄደው። ፈተና ሲቃረብ አንዳንዶቻችን «ያለ ምሳ አንጎሌ አይሠራም» እያልን የሱና ፆም የምንተወው በዚህች ሰዓት ተሸንፈን ነው።

መልሱ በከፊል የተገኘው ከቤተ ሙከራ አይጦች ነው። አይጥ በተፈጥሮዋ በብዛት የምትበላው በሌሊት ነው። ይህን የሚመራው ሃይፖታላመስ በተባለው የአንጎል ክፍል ውስጥ ያለ፣ ከዓይን የብርሃን መልእክት የሚደርሰው ትንሽ የሴሎች ስብስብ ነው። እሱ ሲወገድ አይጧ ቀንና ሌሊት ሳትለይ ትበላለች። ነገር ግን ምግብ በቀን አንዴ፣ በተወሰነ ሰዓት ብቻ ከተሰጣት ከጥቂት ቀናት በኋላ ሁለት ሦስት ሰዓት ቀድማ መቅበጥበጥ ትጀምራለች። በ1979 ስቴፋንና ባልደረቦቹ ያ የሴሎች ስብስብ የተወገደባቸው አይጦችም ይህንኑ እንደሚያደርጉ አሳዩ። ሱብሐነላህ! ከብርሃኑ ሰዓት ሌላ የምግብ ሰዓት አለ ማለት ነው። ቦታው የት እንደሆነ ተመራማሪዎች ዛሬም ይከራከራሉ። ደግሞ ማንኛውንም ሰዓት አይቀበልም፤ ምግቡ በየ18 ሰዓቱ ቢሰጥ አይጧ ቀድማ አትዘጋጅም፣ ወደ 24 ሰዓት የቀረበ መሆን አለበት።

እዚያው ሃይፖታላመስ ውስጥ ረሃብን የሚቀሰቅሱ ሌሎች ሴሎችም አሉ። በ2011 ተመራማሪዎች እነዚህን በብርሃን ሲያነቃቁ የጠገቡ አይጦች በደቂቃዎች ውስጥ መብላት ጀመሩ። በ2015 ደግሞ የተራቡ አይጦች ምግብ ገና ሲያዩና ሲያሸቱ፣ አንድም ሳይቀምሱ፣ የሴሎቹ እንቅስቃሴ ዝቅ ማለቱ ታየ። ስለዚህ አንጎል የጎደለውን ብቻ አይለካም፤ የሚመጣውንም ይገምታል።

ሰው አይጥ አይደለም። ሆኖም በእኛም ላይ ግሬሊን የተባለው ከጨጓራ የሚመነጭ ሆርሞን ከለመድነው የምግብ ሰዓት በፊት ከፍ ይላል፤ ባንበላም ተመልሶ ይወርዳል። የረመዳን የመጀመሪያ ቀናት እኩለ ቀን ላይ የሚከብዱን አንዱ ምክንያት ይህ ይመስለናል። ሱሑርን አንዴ በልቶ አንዴ መዝለልም ለዚህ ሰዓት አይመቸውም።

ይህ ሁሉ የተነገረው ለጤነኛ ሰው ነው። የስኳር ሕመም ያለበት ወንድም ወይም እህት እጁ ሲንቀጠቀጥና ላብ ሲያጠምቀው «ልማድ ነው፣ ያልፋል» ብሎ መቆየት የለበትም። ወዲያው ያፍጥር፤ ለታመመ ሰው ሸሪዓው ሩኽሳ ሰጥቶታል።