የእማዬ ሮቃ፣ የሮቤል አድባር

እማዬ በ1996 ዓ.ም. በሰፈራ ከአምባሰል መተማ ስትገባ ጀበናዋን በነጠላ ጠቅልላ አቅፋ ነበር። እኔ የሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ከመኪናው እንደወረድን ሰው ሁሉ ስለ ውሃና ስለ ወባ ሲጠይቅ፣ እሷ «የዚህ አገር አድባር የቱ ነው?» አለች። መላሽ አላገኘችም፤ ጎረቤቶቻችንም እንደኛው እንግዳ ነበሩ።

ስለዚህ ራሷ መረጠች። ከሰሊጡ ማሳ ዳር አንድ ትልቅ የሮቃ ዛፍ አለ፤ እዚህ ኩመር ይሉታል፣ ከሱዳኑ ጋላባት የሚሻገሩ ነጋዴዎች ደግሞ አርዴብ። በመጋቢት ቆላው ሲነድ፣ የዕጣኑ ዛፍ ቅጠሉን አራግፎ በመንጋፍ የተፋቀ ግንዱ ብቻ ሲቀር፣ ሮቃው ልምላሜውን አይለቅም። የአቦሉን የመጀመሪያ ስኒ ከሥሩ አፈሰሰች፤ ግንዱን ቅቤ ቀባች። ወሎ ሳለች ዕጣን ከገበያ ትገዛ ነበር፤ እዚህ ከዕጣኑ ዛፍ የተለቀመውን አጨሰች። «እንግዳ ነን፣ ተቀበይን» ስትል ሰምቻታለሁ።

አድባር በግዕዝ የደብር ብዙ ቁጥር ነው፤ ተራሮች ማለት። በሰው አፍ ግን ከተራራው አልፎ የዛፉ፣ የምንጩ፣ የሰፈሩ ጠባቂ መንፈስ ሆኗል። «አድባሩ ይከተልህ» ብሎ መንገደኛ የሚመርቅ ሰው፣ የወጣበት ምድር አብሮት እንዲሄድ ነው የሚመኝለት።

ይህን ነገር ወደ ሸራ ካመጡት የዘመናችን ሠዓሊዎች አንዱ ሮቤል ተመስገን ነው። የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1987 ደሴ ነው፤ ከእማዬ አገር ሩቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2010 ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አለ ፈለገ ሰላም የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት ተመረቀ። ሁለተኛ ዲግሪውን እ.ኤ.አ. በ2015 ያገኘው ትሮምሶ ነው፤ በሰሜን ኖርዌይ፣ በብርዱ ወራት ፀሐይ ለሳምንታት የማትወጣበት ከተማ። «አድባር» ብሎ በሰየማቸው ተከታታይ ሥራዎቹ መልክዓ ምድሩን እንደ ፎቶግራፍ አይቀዳውም። የሚያየው በቦታው ያደረውን መንፈስ፣ ሰው ለቦታው ያለውን ክብርና ፍርሃት ነው። አንዳንዱ ይህን ባዕድ አምልኮ ብሎ ያልፈዋል። እኔ ግን በሮቤል ሥራ የማየው ሰው «የየት ነኝ?» ለሚለው ጥያቄ ዛፍና ውሃ ይዞ መልስ ሲፈልግ ነው።

መተማ ሲነሣ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ የወደቁበት ጦርነት ይቀድማል፤ መቅደምም ይገባዋል። የሰፋሪው ትዝታ ግን ሐውልት የለውም። የእማዬ ሐውልት ሮቃው ነው። አምና ማሳውን የተከራየ ሰው ትራክተር አስገብቶ ዙሪያውን ሁሉ መነጠረ። ሾፌሩ ግንዱ ላይ ቅቤውን ሲያይ መሪውን አዙሮ አለፈ። ዛሬ ሰሊጡ መካከል ብቻውን ቆሟል፤ በስተምሥራቅ በኩል፣ በእማዬ ትከሻ ቁመት ልክ፣ ልጡ በሃያ ዓመት ቅቤ ጠቁሮ ይወዛል።

ባለፈው ሰሞን የሮቤልን ሥዕሎች በስልኬ አሳየኋት። ዓይኗ ስለደከመ ስልኩን አራቀችው፣ መልሳ አቀረበችው። የደሴ ልጅ መሆኑን፣ በረዶ አገር ሄዶ መማሩን ነገርኳት። ብዙ ዝም ብላ ቆየች።

«እና እዚያ በረዶው ላይ» አለችኝ፣ «ቡናውን የት አፈሰሰው?»