በደቂቃ ስንት ሊትር ይዙር?
አዲስ አበባ ላይ ቦይለር ሲባል ቶሎ የሚታሰበው የሻወር ውሃ ማሞቂያው ነው። በእንግሊዝ ቤቶች ግን ቦይለር በአብዛኛው በጋዝ የሚሠራ የቤት ማሞቂያ ነው፤ ያሞቀውን ውሃ ፓምፕ በቧንቧ እየገፋ ወደየክፍሉ ራዲያተር ይወስደዋል፣ ውሃውም ሙቀቱን አራግፎ ይመለሳል። ፓምፑ በበረታ ቁጥር ቤቱ የሚሞቅ ይመስላል። የሚዞረውን ውሃ መጠን መወሰን ያለባቸው ግን ቤቱ የሚያጣው ሙቀትና ውሃው ወጥቶ እስኪመለስ የሚቀዘቅዝበት ልክ ናቸው።

ስሌቱ አጭር ነው። አንድ ሊትር ውሃ በ1 ዲግሪ ሴልሲየስ ሲቀዘቅዝ 4.2 ኪሎጁል ገደማ ይለቃል። የሚፈለገውን ኪሎዋት በ60 አባዝቶ ለ4.2 ማካፈል፣ የተገኘውንም ለዲግሪው ልዩነት ማካፈል ነው፤ ውጤቱ የደቂቃው ሊትር ይሆናል። በብርቱ ብርድ ቀን 8 ኪሎዋት የሚያጣ ቤት፣ ውሃው በ70 ዲግሪ ወጥቶ በ50 ከተመለሰ፣ 5.7 ሊትር ይበቃዋል። ብዙዎች የሚሳሳቱት ቦይለሩ ላይ የተጻፈውን፣ ለምሳሌ 24 ኪሎዋት፣ ስሌቱ ውስጥ ሲያስገቡ ነው፤ ያኔ 17 ሊትር ይወጣል። የሻወር ውሃንም በሚያሞቅ ቦይለር ላይ ያ ቁጥር ብዙውን ጊዜ ለሻወሩ የተመረጠ ነው፤ ስለ ቤቱ ብርድ የሚናገረው የለም።

ታዲያ ቢበዛስ ምን ይጎዳል? የሚል ይኖራል፤ ጥያቄው ተገቢ ነው፣ ራዲያተሩም በርግጥ ትንሽ ይግላል። በዚያው ቤት የሚዞረው ውሃ እጥፍ ቢሆን ግን ራዲያተሮቹ የሚሰጡት ሙቀት የሚጨምረው በ14 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። በአንጻሩ በቧንቧው ውስጥ ያለው ሰበቃ ወደ አራት እጥፍ፣ ፓምፑ የሚፈልገው ኃይል ወደ ስምንት እጥፍ ያድጋል። ከሁሉ የሚከፋው ተመላሹ ውሃ ከ58 ዲግሪ በላይ መድረሱ ነው። በእንግሊዝ ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እንዲገጠም በሕግ የተደነገገው የቦይለር ዓይነት ጋዝ የሚቆጥበው በጭሱ ውስጥ ያለውን እንፋሎት ወደ ውሃ መልሶ ሙቀቱን በመውሰድ ነው፤ ይህ የሚሆነው ደግሞ ተመላሹ ከ55 ዲግሪ ገደማ በታች ሲሆን ነው። እንዲህ ከሆነ እጅግ ይቀነስ ማለት ግን አይደለም፤ ከአምራቹ ዝቅተኛ ልክ በታች የሚዞር ውሃ ቦይለሩ ውስጥ እስከ መፍላት ይደርሳል፣ ሩቅ ያሉት ራዲያተሮችም ይቀዘቅዛሉ። ስሌቱ መያዙን ለማወቅ በብርቱ ብርድ ቀን በመውጫውና በመመለሻው ቧንቧ ላይ ቴርሞሜትር ማሰር ይበቃል፤ ልዩነቱ 20 ሳይሆን 8 ወይም 9 ዲግሪ ከሆነ የፓምፑን ፍጥነት ዝቅ ማድረግ ነው።