ወይራና ሞግዚቱ ቁጥቋጦ

አንባቢ ሆይ! ወይራን የማያውቅ የጎንደር ልጅ አይገኝም። ሽማግሌ የሚመረኮዘው ዱላ፣ የገበሬው ድግር፣ የመጥረቢያው ዛቢያ ብዙ ጊዜ የወይራ እንጨት ነው። እናቶችም ጋኑንና የወተቱን ቅል በወይራ ጭስ ያጥናሉ። ነገር ግን ይህን ያህል የሚያገለግለን ዛፍ በዱር ውስጥ እንዴት ተወልዶ እንደሚያድግ የምናውቅ ጥቂቶች ነን።

ወይራ የደጋና የወይና ደጋ ዛፍ ነው። እንጨቱ ከባድና ጽኑ ሲሆን እድገቱ እጅግ ዝግተኛ ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከውጭ የገባው ባሕር ዛፍ በጥቂት ዓመታት ለቤት ማገር ሲደርስ፣ ወይራ ግን ግርማ የሚያገኘው በተካዩ የልጅ ልጆች ዘመን ነው። በሜዲትራኒያን ባሕር ዳርቻ ዘይት የሚጨመቅበት ወይራ የቅርብ ዘመዱ ነው፤ የእኛው ፍሬ ግን ትንሽና ሥጋው ስስ ስለሆነ ለወፎች ይተርፋል።

ይህም ከንቱ አይደለም። ወፎቹ ፍሬውን ውጠው ቁጥቋጦ ላይ ሲያርፉ ዘሩን ከኩሳቸው ጋር ይጥሉታል። ከጥላው ሥር የበቀለችው ችግኝ ከፀሐይ ሐሩርና ከፍየል ጥርስ ትጠበቃለች። ስለዚህ ለምንም አይረባም ብለን የምንመነጥረው ቁጥቋጦ ለወይራ ሞግዚቱ ነው።

«እመጓ» በተባለው መጽሐፋቸው የምናውቃቸው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ፣ ከሙያ ባልደረባቸው ጋር በደቡብ ጎንደር የአብያተ ክርስቲያናትን ደን አፈር መርምረው ነበር። በ2006 እ.ኤ.አ. የታተመው ጥናታቸው እንደሚያስረዳው፣ በአፈሩ ውስጥ ተከማችቶ የተገኘው ዘር አብዛኛው የዛፍ ሳይሆን የሣርና የአረም ነው። ይኸውም እናት ዛፎቹ ያለቁበት ኮረብታ ተከልሎ ቢቀመጥ እንኳ፣ ከሌላ ስፍራ ዘር ካልመጣለት በቀር የቀድሞ ደኑን መልሶ አያገኝም ማለት ነው።

እንግዲህ በጎንደር ዙሪያ ያሉት የአድባራት ዐጸዶች ለጥላና ለክብር ብቻ የቆሙ አይደሉም፤ የአገሩ የዘር ጎተራዎች ናቸው። ከብት እንደ ልቡ በሚገባበት ዐጸድ ግን ችግኙ እየተበላና እየተረገጠ፣ አሮጌዎቹ ዛፎች ያለ ወራሽ ይቀራሉ።

ተማሪም ሆናችሁ የመንግሥት ሠራተኛ፣ በክረምት ለችግኝ ተከላ ስትወጡ ቶሎ የሚያድገውን ብቻ አትምረጡ። ወይራ ጠይቁ፤ ቁጥቋጦውንም ሳትመነጥሩ ከጥላው ሥር ትከሉት። የተረከብነው ጥላ ሌሎች የተከሉት ወይም ሳይቆርጡ የተዉልን ነውና፣ እኛም ለሚመጡት እንዲሁ ማድረግ ይገባናል።