የካርቱም ጄኔራሎችና ሕገ መንግሥታቸው

ከካርቱም ሰሜን በስተምሥራቅ ያለው ሐጅ ዩሱፍ የተባለ ሰፈር ከደቡብ ሱዳን፣ ከኑባ ተራሮችና ከዳርፉር የተፈናቀሉ ብዙ ሰዎች የሰፈሩበት ነው። ብዙዎቹን ጦርነት ነው ያመጣቸው። ከጦርነቱ ጀርባ ደግሞ ወታደሮች በሕገ መንግሥት ላይ የፈጸሙት ድፍረት አለ።

ሱዳን ነፃ የወጣችው በ1956 (ዓመታቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በጊዜያዊ ሕገ መንግሥት ነበር። ጄኔራል ኢብራሂም አቡድ በ1958 አገደው። የኋለኛው ወታደራዊ ገዥ የጃፋር ኒሜሪ ነገር ግን ረዘም ያለ ትረካ ይፈልጋል። በ1972 አዲስ አበባ ላይ፣ አፄ ኃይለ ሥላሴ ባሉበት፣ ከደቡብ አማፅያን ጋር ታረቀ፤ የደቡቡም ራስ ገዝነት በ1973ቱ ሕገ መንግሥት ጸና። የራስ ገዝነቱን ሕግ ለማሻሻል የፓርላማው ሦስት አራተኛ ድምፅ፣ በዚያ ላይ በደቡብ ሕዝበ ውሳኔ የሁለት ሦስተኛ ድጋፍ ያስፈልግ ነበር። እንዲህ ያለ ከባድ መስፈርት እንግዳ አይደለም፤ አሜሪካም ሕገ መንግሥቷን ለማሻሻል በተለመደው መንገድ የኮንግረስን ሁለት ሦስተኛና የክፍለ ግዛቶችን ሦስት አራተኛ ትጠይቃለች። ኒሜሪ ግን በ1983 ማንንም ሳይጠይቅ በአንድ ትእዛዝ ደቡብን ሦስት ቦታ ከፈለው። በደቡቧ ከተማ ቦር የተጀመረው አመፅ ተቀጣጠለ፤ ጦርነቱም እስከ 2005 ዘለቀ።

ከእነዚህ ወታደራዊ ገዥዎች መሐል ጄኔራል ስዋር አል ዳሃብ ለብቻው መነሣት አለበት፤ በ1985 ሥልጣን ይዞ በዓመቱ ለተመረጠ መንግሥት አስረከበ።

ያንን የተመረጠ መንግሥት በመፈንቅለ መንግሥት የጣለው ኦማር አል በሽር በ1998 ሕገ መንግሥት አወጣ። የ2005ቱ ደግሞ ፕሬዚዳንቱን በሁለት የአምስት ዓመት ዘመን ገደበው። በአሜሪካም በ1951 የጸደቀው 22ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ የጣለው የሁለት ዘመን ገደብ መጀመሪያ የያዘው ፕሬዚዳንት አይዘንሃወርን፣ ያውም ጄኔራል የነበረውን ሰው ነው፤ እሱም ሁለቱን ዘመን ጨርሶ ወደ ቤቱ ሄደ። የበሽር ደጋፊዎች በ2018 መጨረሻ ገደቡን ለማንሣት ሲነሡ፣ በዚያው ሰሞን ሕዝቡ አደባባይ ወጣ፤ በ2019 ሚያዝያ ሰውየውን ያወረደው የገዛ ሠራዊቱ ነው።

የ2019ኙ ሕገ መንግሥታዊ ሰነድ ሲፈረም ከሸምጋዮቹ አንዱ ኢትዮጵያዊው ማህሙድ ድሪር ነበሩ። ሰነዱ ሲቪልና ወታደር ሥልጣን እንዲጋሩ ያዘዘ ነው። ጄኔራል አብደል ፈታህ አል ቡርሃን በ2021 ዋና ዋና አንቀጾቹን አገደ። በሠራዊቱና ፈጥኖ ደራሽ በተባለው ታጣቂ ኃይል መካከል ጦርነት በ2023 ከፈነዳ በኋላም፣ በ2025 የካቲት ሰነዱ ተሻሽሎ የዚያ ኃይል ስም ተፋቀ፤ ሽግግሩም በ39 ወር ተራዘመ። በተከታዩ ወር ፈጥኖ ደራሾቹ ከአጋሮቻቸው ጋር ናይሮቢ ላይ የራሳቸውን የሽግግር ሕገ መንግሥት ፈረሙ።