አንድ ጎራሹ ባሕር ተሻገረ

ውጅግራ አንድ ጎራሽ ጠመንጃ ነው። አንዲት ጥይት ይጎርሳል፣ ይተኩሳል፣ ቀለሁን ይተፋል፣ ደግሞ ሌላ ይጠብቃል። ፈረንሳዮች እ.ኤ.አ. በ1874 ለሠራዊታቸው ሲመርጡት ከዘመኑ ምርጦች አንዱ ነበር፤ 11 ሚሊ ሜትር የእርሳስ ዐረር በጥቁር ባሩድ ይወረውራል። እ.ኤ.አ. በ1886 ጭስ አልባ ባሩድ የሚጠቀመው ሌቤል ሲመጣ ግን ለፈረንሳይ ወታደር አሮጌ ብረት ሆነ። መጋዘን ያጣበበውን ነጋዴ ወሰደው፤ ነጋዴውም በኦቦክና በታጁራ በኩል ወደኛ አመጣው። ዓድዋ ላይ ጣሊያንን የመለሰው ነፍጥ ብዙው ሌላ አገር «በቃኝ» ያለው ነው።

ያኔም ቢሆን ዕቃውን ሳያይ የሚከፍል አልነበረም። ገጣሚው አርተር ራምቦ በ1879 ዓ.ም. ወደ 2,000 የሚጠጋ አሮጌ ጠመንጃ በግመል ጭኖ ከታጁራ ወደ ሸዋ ሲመጣ ጠመንጃዎቹ ገና በክብሪት ቆብ የሚተኮሱ፣ ከውጅግራም በፊት የነበሩ ነበሩ። ምኒልክ እንጦጦ ላይ ዕቃውን አይተው ዋጋውን ቆረጡት። የሞተው ሸሪኩ ላባቱ ዕዳም ከዚያው ላይ ተነሣ። የቀረውን ደግሞ በጥሬ ብር ሳይሆን ሐረር ካሉት ከደጃዝማች (በኋላ ራስ) መኰንን እንዲቀበል ወረቀት ጽፈው ሰጡት። ራምቦ ሲያማርር ኖረ። ገዥው ግን የገዛውን ያውቅ ነበር።

ጉናን ተንተርሰው እስከ በሽሎና እስከ ዓባይ ሸለቆ የሚወርዱት ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ ከዚህ ታሪክ ሩቅ አይደሉም። ቴዎድሮስ ሴባስቶፖልን ያስቀለጡባት ጋፋት ደብረ ታቦር አጠገብ ናት። በ1860 ዓ.ም. እንግሊዞች ሰናድር የተባለውን ጠመንጃ ይዘው የቴዎድሮስን ጦር ያረገፉበት አሮጌ ደግሞ ከበሽሎ ማዶ፣ ከመቅደላ ግርጌ ነው። ከዚያ ወዲህ በየዘመኑ ያለፈው ጦር ሁሉ በዚህ አገር ብረት ጥሎ አልፏል። ከሰናድር በኋላ ውጅግራው፣ ከውጅግራው በኋላ ምንሽሩና በልጅጉ፣ ከአምስቱ ዓመት ወረራ በኋላ የጣሊያኑ መጣ። ዛሬ ሁሉንም ክላሽ ገፍቷቸዋል። ቢሆንም በሽለላውና በፉከራው ውስጥ የአሮጌዎቹ ስም አልጠፋም።

የዚህ አገር ገበሬ ጠመንጃ የሚገዛው በሬ ሽጦ ነው። በሬ ግን ገበያ መሐል ቆሞ ይታያል፤ ጠመንጃ በሰው በሰው ነው የሚፈለገው። ሻጩም ገዥውም ይተዋወቃሉ፣ ባይተዋወቁ የሚያስተዋውቃቸው አይጠፋም። የመጀመሪያው ጥያቄ ስለ ብረቱ አይደለም። «የማን ነበር? ዋስህ ማነው?» ነው። የተሰረቀ ወይም ደም ያለበት ጠመንጃ ዋጋው ቢረክስ እንኳ ቤት የሚያፈርስ ጣጣ ይዞ ይገባል።

ከዚያ በኋላ ነው ዓይንና እጅ ሥራቸውን የሚጀምሩት። «እስቲ አፈሙዙን ልየው፣ አያ» ይላል ገዥው። መዝጊያውን ወደ ኋላ ስቦ ያወጣና ጠመንጃውን ወደ ብርሃን አዙሮ በቧንቧው ውስጥ ያያል። ጠመዝማዛው ቦይ ጥርት ብሎ ከታየ ዐረሩ እየተሽከረከረ ይወጣል፣ ያለሙበትም ይደርሳል። ቧንቧው እንደ ጭስ ማውጫ ከጠቆረ ወይም ቦዩ ተልጦ ካለቀ ጠመንጃው ከዱላ አይሻልም። ሌላም አሮጌ ብልሃት አለ፤ የጥይቷን ጫፍ አፈሙዙ ላይ መሰካት። ዐረሩ እስከ ቀለሁ አፍ ድረስ ሰተት ብሎ ከገባ አፉ በልቷል ማለት ነው። መዝጊያው ሲዘጋ ይላወስ እንደሆነ ይፈተናል፤ ቀለሁን አጥብቆ ያልያዘ መዝጊያ ጋዙን ወደ ተኳሹ ፊት ሊመልሰው ይችላል። ጥይትም ከሌለው ሁሉ ከንቱ ነው። ለውጅግራ ጥይት ማግኘት ከከበደ ስንት ዘመን ሆነው። ድሮ ግን ጥይቱ በገበያ እንደ ገንዘብ ይመነዘር ነበር፣ ባዶ ቀለህም ባሩድ ተሞልቶ እንደገና ይተኮሳል እንጂ አይጣልም።

የዛሬው ሕግ ይህን ሁሉ አጥብቦታል። በጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ያለ ፈቃድ ጠመንጃ መያዝም መሸጥም ያስከስሳል።

እነዚያው ጠመንጃዎች ግን አሁን ሌላ ገዥ አግኝተዋል። በየዘመኑ የተሰበሰቡና በመንግሥት መጋዘን ተከምረው የኖሩ አሮጌ ነፍጦችን የአሜሪካ አስመጪዎች ገዝተው ወስደዋል። ሮያል ታይገር ኢምፖርትስ የሚባለው ኩባንያ ከኢትዮጵያ የመጡ ውጅግራዎችን፣ የጣሊያን ካርካኖና ቬተርሊዎችን፣ ማውዘሮችን፣ የአሜሪካ ኤም ዋን ካርባይኖችን በድረ ገጹ ሲሸጥ ቆይቷል። ካርባይኖቹ በ1945 ዓ.ም. በተፈረመው የወታደራዊ ርዳታ ውል ዘመን ከአሜሪካ ወደ ኢትዮጵያ የመጡ ዓይነት ናቸው፤ ዞረው አገራቸው ገቡ ማለት ነው።

እዚያ ገዥው ጠመንጃውን የሚያየው በስልኩ መስኮት ነው። በዚህ ንግድ የተለመደው ደግሞ ፎቶው የዓይነቱ እንጂ የዚያ የሚላከው ጠመንጃ አለመሆኑ ነው። «ጥሩ»፣ «መካከለኛ»፣ «ስንጥቅ ያለው» የሚል ደረጃ ይጻፍለታል። ጥቂት ዶላር የጨመረ ሠራተኛው ከክምሩ የተሻለውን መርጦ እንዲልክለት ይጠይቃል። ከክምሩ ውስጥ «የተሻለ» ማለት ምን ማለት እንደሆነ የሚወስነው ግን ላኪው ነው። የጋይንቱ ሰው ይህን ቢሰማ ይስቃል። እኔ ግን ሙሉ በሙሉ አልስቅም፤ ሁለቱ ሰዎች የሚገዙት አንድ ዓይነት ነገር አይደለምና።

የጋይንቱ ተኩስ ይገዛል። የአሜሪካው ሰብሳቢ ታሪክ ይገዛል። ታሪክ ፈላጊው የሚያየው የፋብሪካውን ማኅተም፣ የተሠራበትን ዓመት፣ የመዝጊያውና የአካሉ ቁጥር መግጠሙን፣ በበልጅጉ ላይ የተመታውን የይሁዳ አንበሳ ነው። ይህን ጥርት ያለ ፎቶ በደንብ ያሳያል። ፎቶ የማያሳየው የቧንቧውን ውስጥና በእንጨቱ ሥር የተደበቀውን ዝገት ነው። እሱ ላይ የሚከስረው ገዝቶ ሊተኩስበት ያሰበው ሰው ነው፤ ጥቁር ባሩድ እንዲችል በተሠራ አሮጌ ብረት ውስጥ ጭስ አልባ ባሩድ ከጨመረ ደግሞ ኪሳራው ከገንዘብ ያልፋል። ስለዚህ ለመተኮስ የፈለገ ሰው የጠመንጃ ባዛር ሄዶ በእጁ ይዞ ቢገዛ፣ ዋጋው ቢጨምርም፣ ይሻለዋል።

ካርካኖውም የራሱ ጠባይ አለው። ስድስት ጥይት በቆርቆሮ መያዣ ታስሮ በአንድ ጊዜ ይገባለታል፤ የመጨረሻዋ ስትገባ ባዶው ቆርቆሮ ከሥር ይወድቃል። መያዣው ከሌለ ስድስት ጎራሹ አንድ ጎራሽ ይሆናል። ሻጩ ይህን መያዣ ጨምሮ ይላክ አይላክ ከመክፈል በፊት መጠየቅ ያስፈልጋል።

ጠመንጃን ሳያዩ በፖስታ ማዘዝ በአሜሪካ የዛሬ ልማድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1963 ሊ ሃርቪ ኦስዋልድ የተባለ ሰው በመጽሔት ማስታወቂያ አይቶ፣ በሐሰት ስም፣ ቺካጎ ካለ መደብር ካርካኖ በ19 ዶላር ከ95 ሳንቲም አዘዘ፤ ዳላስ ወዳለ የፖስታ ሣጥን ተላከለት። በዚያው ዓመት ኅዳር ፕሬዚዳንት ኬኔዲ የተገደሉት በዚያ ጠመንጃ ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 የወጣው ሕግ ከግዛት ወደ ግዛት ለግለሰብ በፖስታ መሸጥን ዘጋ። ዛሬ በኢንተርኔት የታዘዘ ጠመንጃ የሚሄደው ወደ ፈቃድ ያለው ነጋዴ ነው፤ ገዥው እዚያ ተመርምሮ ይረከባል። ለአሮጌ ዕቃ ሰብሳቢነት የተለየ ፈቃድ ያለው ግን 50 ዓመት ያለፈውን በቤቱ ይቀበላል። አስመጪውም ስሙንና ከተማውን ብረቱ ላይ እንዲቀርጽ ሕጉ ያዘዋል፤ ሰብሳቢዎች ይህን ጭረት አይወዱትም።

እኔን የሚያስገርመኝ ሌላ ጭረት ነው። ከኢትዮጵያ ከሄዱት ውስጥ የሰደፋቸው አንገት ተሰብሮ በቆዳ የተጠገኑ አሉ። እርጥብ ቆዳ በስብራቱ ላይ ተጠቅልሎ በጠፍር ይሰፋል፤ ሲደርቅ ጨምቆ ይይዛል። አንዳንዱ ሰደፍ ላይ የናስ ምስማር ተደርድሯል፣ ሌላው ላይ መስቀል ተቀርጿል። በሽያጭ ደረጃው ይህ ሁሉ «ጉዳት» ተብሎ ዋጋ ይቀንሳል። እኔ ብሆን አስቀድሜ የምጠይቀው እሱን ነበር። የፋብሪካ ማኅተም በሺህ ጠመንጃ ላይ አንድ ነው፤ ጠፍሩ ግን የአንድ ሰው እጅ ነው።

ውጅግራን የሚገዛ አሜሪካዊ ደግሞ አንድ ነገር ይቀልለዋል። በአገሪቱ ፌዴራላዊ ሕግ እስከ 1898 እ.ኤ.አ. የተሠራ ጠመንጃ እንደ ጥንታዊ ዕቃ እንጂ እንደ ጦር መሣሪያ አይቆጠርም። ስለዚህ ከፈረንሳይ ተርፎ ወደ ኢትዮጵያ የመጣው፣ ከኢትዮጵያ ተርፎ አትላንቲክን የተሻገረው አንድ ጎራሽ፣ የግዛቱ ሕግ ካልከለከለ በቀር፣ እንደ ሌላ ጥቅል ሁሉ በር ድረስ ይመጣለታል።