የፈውስና የትንቢት ስጦታ ዛሬም አለ? ክርስቲያኖች ራሳቸው ምን ይላሉ?



ከማኅበረሰባችን ቤተሰቦች ጋር ስንሠራ ደጋግሞ የሚያጋጥመን አንድ ጉዳይ አለ። ይኸውም ከቤተሰቡ አንዱ፣ አገር ቤት ሳለ ጴንጤ የሆነ ወይም እዚህ ከመጣ በኋላ በጓደኛ በኩል ጸሎት ቤት መሄድ የጀመረ ሰው፣ «ተፈውሻለሁ» ብሎ የስኳር፣ የሚጥል በሽታ ወይም የኤች አይ ቪ መድኃኒቱን ያቆማል። ዘመድ ይቆጣል፤ «ከወገን ወጣህ» ይባላል፤ ጭቅጭቁ ስለ ሃይማኖት ይሆንና ስለ መድኃኒቱ የሚያነጋግር ሰው ይጠፋል። ቤተሰቡ ክርስቲያን ሁሉ እንዲህ ያምናል ብሎ ስለሚያስብ የመነጋገሪያው በር የተዘጋ ይመስለዋል።

ነገሩ ግን እንደዚያ አይደለም። ተአምራዊ ስጦታዎች ዛሬም አሉ ወይስ ቀርተዋል የሚለው ጥያቄ ክርስቲያኖችን ራሳቸውን ለብዙ መቶ ዓመታት ሲያከራክር የኖረ ነው። ይህን ጽሑፍ ያቀረብነው ማንንም ወደዚያ እምነት ለመጋበዝ ወይም የማንንም እምነት ለመንቀፍ ሳይሆን ክርክሩን ለማስረዳት ነው። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ክርክሩ ከየት መጣ?

መነሻው ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች የጻፈው የመጀመሪያው መልእክት ነው። በ12ኛው ምዕራፍ ዘጠኝ ስጦታዎችን ይዘረዝራል፤ ፈውስ፣ ትንቢት፣ በልሳን መናገርና የእውቀት ቃል የሚባለው ከእነሱ ውስጥ ናቸው። በክርስቲያኖች መጽሐፍ እንደሚተረከው ልሳን መጀመሪያ የታየው በኢየሩሳሌም በሻቩዖት ቀን ነው። ጰንጠቆስጤ የሚለው የግሪክ ቃልም «ሃምሳኛ» ማለት ሲሆን የኛኑ የሰባት ሳምንት በዓል ያመለክታል። «ጴንጤ» የምንለው ስም ሥሩ እዚያ ነው፤ ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ ይገርመዋል።

በ13ኛው ምዕራፍ ላይ ግን ጳውሎስ ፍጹም የሆነው ሲመጣ እነዚህ ስጦታዎች እንደሚቀሩ ይናገራል። ይህ «ፍጹም» የተባለው ምንድን ነው? ቀርተዋል ከሚሉት አንዳንዶቹ መጽሐፋቸው ተጽፎ ማለቁ ነው ይላሉ፤ ሐዋርያቱ ካለፉና መጽሐፉ ከተሟላ በኋላ ምልክት አያስፈልግም ባዮች ናቸው። አልቀሩም የሚሉት ደግሞ የኢየሱስ ዳግመኛ መምጣት ነው፣ እሱም ገና ነው፣ ስለዚህ ስጦታዎቹ እስከዚያ ይቀጥላሉ ብለው ይመልሳሉ።

ይህ የዛሬ ክርክር ብቻ አይደለም። በአራተኛው መቶ ዘመን ማብቂያ አካባቢ ዮሐንስ አፈወርቅ ይህን ቦታ ሲያብራራ፣ ነገሩ በሱ ዘመን የማይታይ በመሆኑ ለመረዳት እንደሚያስቸግር ተናግሯል። አውግስጢኖስ ቀደም ሲል ተአምራት ቀርተዋል ብሎ ጽፎ ነበር፤ በእርጅናው ግን በሚኖርበት በሰሜን አፍሪካ ታዩ የተባሉትን ፈውሶች መዝግቧል። በ16ኛው መቶ ዘመን ካልቪን የፈውስ ስጦታ ቀርቷል አለ። በ1918 ደግሞ የፕሪንስተኑ መምህር ቢ. ቢ. ዋርፊልድ ከሐዋርያት ወዲህ የተነገሩትን ተአምራት የሚሞግት መጽሐፍ አሳተመ።

ዋርፊልድ ይህን ሲጽፍ ነፋሱ በሌላ አቅጣጫ መንፈስ ጀምሮ ነበር። በ1906 በሎስ አንጀለስ፣ አዙሳ በሚባል ጎዳና ላይ፣ የቀድሞ ባሪያዎች ልጅ የሆነው ጥቁሩ ሰባኪ ዊልያም ሲሞር የመራው ጉባኤ የጴንጤቆስጤን እንቅስቃሴ በዓለም ላይ አሰራጨ። በኢትዮጵያ ሙሉ ወንጌል ቤተ ክርስቲያን በ1967 ተመሠረተች፤ ከዚያም ይኸው አካሄድ ወደ መካነ ኢየሱስም ገባ። ተዋሕዶ በበኩሏ ተአምር ቀርቷል ብላ አታውቅም፤ የጻድቃን ገድልና ጸበል ምስክር ናቸው፤ የጴንጤዎቹን ልሳን ግን አትቀበልም። ከፕሮቴስታንቶቹም መካከል አሜሪካዊው ጆን ማክአርተር በ2013 ይህን ሁሉ የሚያወግዝ ጉባኤ ጠርቶ «እንግዳ እሳት» አለው። ስሙ ከኦሪት የተወሰደ ነው፤ ናዳብና አብዩድ ያልታዘዙትን እሳት ይዘው ገብተው የሞቱበትን ታሪክ ያስታውሷል።

አለ የሚሉትስ መድኃኒት ይከለክላሉ?

ለቤተሰቦቻችን ዋናው ጥያቄ ይህ ይመስለናል። ከመጀመሪያዎቹ ጴንጤዎች ብዙዎቹ ሐኪም ጋ መሄድን እንደ እምነት ማጣት ይቆጥሩ እንደነበር እውነት ነው። ትልልቆቹ አብያተ ክርስቲያናት ግን ያንን ትተዋል፤ ለታመመ እየጸለዩ ሐኪም ቤትም ይልካሉ። አቡነ ጳውሎስ በ2007 የኤች አይ ቪ መድኃኒትና ጸበል አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ በይፋ ተናግረዋል። ካቶሊኮች በፈረንሳይ ሉርድ በሚባል ቦታ ድኛለሁ የሚለውን ሰው ሐኪሞች እንዲመረምሩት ያደርጋሉ፤ ምርመራው ዓመታት ሊፈጅ ይችላል። ከ1858 ጀምሮ ሚሊዮኖች ወደዚያ ሄደው፣ ቤተ ክርስቲያኗ ተአምር ናቸው ብላ የተቀበለቻቸው ከ70 ጥቂት የሚበልጡ ብቻ ናቸው።

ይህን ያህል ጥንቃቄ የሚያደርጉት ያለ ምክንያት አይደለም። በ1986 ፒተር ፖፖፍ የተባለ አሜሪካዊ የፈውስ ሰባኪ የማያውቃቸውን ሰዎች በስም እየጠራ በሽታቸውን ይናገር ነበር። ጄምስ ራንዲ የተባለ አስማተኛ ምስጢሩን አወጣው፤ የሰባኪው ሚስት በጆሮው በደበቀው ትንሽ ሬዲዮ ትነግረው ኖሯል። እንዲህ ዓይነቱ ሰው በየትኛውም ሃይማኖት አይጠፋም፤ አገር ቤትም የጠንቋዩን አሠራር እናውቃለን።

በኛ በኩልስ? ኦሪት ምልክት ብቻውን ማስረጃ አይደለም ትላለች። በዘዳግም 13 ላይ ነቢይ ነኝ ባይ የተናገረው ምልክት ቢፈጸም እንኳ ወደ ሌላ አምላክ የሚወስድ ከሆነ እንዳይሰማ ታዟል። አገር ቤት ያልነበረን ታልሙድም ሐጌ፣ ዘካርያስና ሚልክያስ ካረፉ በኋላ ነቢይነት ከእስራኤል እንደተወሰደ ይናገራል። ስለዚህ «ቀርቷል ወይስ አልቀረም» የሚለው ጥያቄ በአይሁድ ዘንድም እንግዳ አይደለም።

ከሁሉ የሚጠቅመን ግን የለምጽ ሕግ ነው። በዘሌዋውያን 13 እና 14 እንደምናነበው ከለምጽ የዳነ ሰው ድኛለሁ ስላለ ብቻ ወደ ሰፈር አይገባም፤ ካህኑ ያየዋል፣ የሚያጠራጥር ከሆነ ሰባት ቀን ያቆየዋል፣ እንደገና ያየዋል። በክርስቲያኖቹ ወንጌልም ኢየሱስ ከለምጽ ያነጻውን ሰው ሄዶ ራሱን ለካህን እንዲያሳይ ይነግረዋል። ጴንጤ የሆነው ዘመዳችን ይህን ያውቃል። ከሱ ጋር መነጋገር የሚቻለው በዚህ በኩል ነው።

ለምሳሌ «አክስቴ፣ ድነዋል አልዳኑም ብለን አንከራከርም፤ ብቻ ነገ ኩፓት ሆሊም አብረን ሄደን ደምዎን እናስመርምር፤ ሐኪሙ ተዉት እስኪል ድረስ መድኃኒቱን አያቋርጡ» ማለት ይቻላል። «አታለሉሽ» ከማለት ይህ ይሻላል። በሥራችን እንዳየነው መድኃኒት ማቆሙ የእምነት ማሳያ ሆኖ ስለሚቆጠር፣ በሽታው ሲመለስ ሰውየው «እምነትህ ጎደለ» እንዳይባል ይደብቀዋል። ቤተሰቡም ከተቆጣው ለማን ይናገራል? ከተቻለ መጋቢውን ራሱን «መድኃኒትህን ቀጥል» ብሎ እንዲነግረው መጠየቅ ይጠቅማል፤ ብዙዎቹ ፈቃደኞች ናቸው። እምቢ የሚል ካጋጠመ ለሐኪሙ ወዲያውኑ ማሳወቅ ያስፈልጋል።

ስለ ምርመራው አንድ ነገር መታወቅ አለበት። የኤች አይ ቪ መድኃኒቱን በሚገባ የሚወስድ ሰው ደሙ ሲመረመር ቫይረሱ ላይታይ ይችላል። ይህን ወረቀት ይዞ «ተፈወስኩ» የሚል ሰው አለ። ቫይረሱ ያልታየው ግን መድኃኒቱ ስለያዘው ነው፤ ሲቆም አብዛኛውን ጊዜ በሳምንታት ውስጥ ይመለሳል። የስኳሩም ልክ መስተካከል፣ የሚጥለውም በሽታ ለዓመት አለመታየት እንደዚሁ ነው። በተለይ ከልጅነት ወይም ከወጣትነት የጀመረው የስኳር ዓይነት ያለበት ሰው ኢንሱሊን ካቆመ በቀናት ውስጥ ለሞት ሊደርስ ይችላል፤ የሚጥል በሽታ መድኃኒትም በድንገት ሲቆም መንፈራገጡ ብሶ ይመጣል። ስለዚህ የምርመራው ወረቀት ሲወጣ ሐኪሙ ዘንድ ቋንቋ የሚያስተረጉም ሰው ይዞ መግባትና «ይህ ውጤት መድኃኒቱን እየወሰደ ነው ወይስ ካቆመ በኋላ?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።