ትንሿ ካሜራ በቀላይ ውስጥ

የሰው ልጅ ዓይኑም ሳንባውም ለአየር እንጂ ለውኃ የተሠሩ ባይሆኑም፣ በየዘመኑ የተነሡ ብልሃተኞች የባሕርን ወለል ወርደው ከማየት አልፈው፣ ያዩትን ሁሉ በየብስ ለቀረው ሕዝብ በሥዕል ለማሳየት ሲደክሙ ኖረዋል። እ.ኤ.አ. በ1856 ዊልያም ቶምፕሰን የተባለ እንግሊዛዊ ካሜራውን በሣጥን ከትቶ በዌይማውዝ ባሕረ ሰላጤ በገመድ ባወረደ ጊዜ፣ ውኃው ሰርጎ ሣጥኑን ስለ ሞላው ያገኘው ሥዕል ደብዛዛ ነበረ። በ1893 ፈረንሳዊው የሥነ ሕይወት ሊቅ ሉዊ ቡታን፣ ወንድሙ በነደፈለት ውኃ የማያስገባ ሣጥን ተረድቶ፣ ባንዩልስ ሱር ሜር በተባለው የሜዲትራኒያን ዳርቻ ራሱ ጠልቆ ፎቶግራፍ አነሣ። በ1926 ደግሞ ሎንግሊ እና ማርቲን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን በፍሎሪዳ ደሴቶች አጠገብ፣ በውኃው ላይ በሚንሳፈፍ ታንኳ የማግኒዝየም ዱቄት እያፈነዱ በሚያገኙት ብርሃን፣ ከባሕር በታች ያለውን ዓሣ ለመጀመሪያ ጊዜ ከነኅብረ ቀለሙ ቀረጹት። ዛሬ ግን በኪስ የምትያዝ ዲጂታል ካሜራ፣ በልኳ ከተሠራ ግልጥ የፕላስቲክ ማኅደር ውስጥ ገብታ፣ እነዚያ ሊቃውንት በብዙ ረዳት የሠሩትን አንድ ጠላቂ ብቻውን እንዲሠራው ታደርጋለች። መሣሪያው ይህን ያህል ቢረቅም ባሕሩ ሥርዐቱን አልለወጠምና፣ ካሜራ ይዞ የሚወርድ ሰው ሦስቱን ሕግጋት፣ ማለት የግፊትን፣ የብርሃን መታጠፍንና የቀለም መጥፋትን፣ አስቀድሞ ሊያውቃቸው ይገባል።

የመጀመሪያው የግፊት ሕግ ነው። ወደ ታች 10 ሜትር በተወረደ ቁጥር የውኃው ክብደት አንድ የከባቢ አየር ግፊት ያህል ስለሚጨምር፣ ብዙዎቹ የትንንሽ ካሜራ ማኅደሮች በሚፈቀድላቸው የ40 ሜትር ጥልቀት ላይ በያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር 4 ኪሎ የሚሆን ሸክም ያርፋል፤ 10 በ14 ሴንቲ ሜትር የሆነው የማኅደሩ አንድ ገጽ ብቻ ከ5 ኩንታል ተኩል በላይ ተሸክሟል ማለት ነው። ይህን ሁሉ ውኃ ከካሜራዋ የሚከለክለው በክዳኑ ዙሪያ በተቦረቦረ መስመር ውስጥ የተኛ፣ መካኒኮች ኦሪንግ የሚሉት ቀጭን የጎማ ቀለበት ነው። የሚያስደንቀው ነገር፣ ጥልቀቱ በጨመረ መጠን ግፊቱ ራሱ ክዳኑን በቀለበቱ ላይ አጥብቆ ስለሚጫነው፣ በደንብ ያልተዘጋ ማኅደር ብዙውን ጊዜ ውኃ የሚያስገባው ገና በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሜትሮች መሆኑ ነው።

ስለዚህ ጠንቃቃ ጠላቂ ማኅደሩን የሚዘጋው በሚናወጥ ጀልባ ላይ በጥድፊያ ሳይሆን፣ አስቀድሞ በክፍሉ ውስጥ በጠረጴዛ ላይ ነው። ቀለበቱን ስለት በሌለው ነገር ቀስ አድርጎ ያወጣዋል፤ በጣቶቹ መካከል እያሳለፈ አሸዋ ወይም ስንጥቅ እንዳለበት ይዳስሳል፤ እጅግ ጥቂት የሲሊኮን ቅባት ቀብቶ እስኪያብረቀርቅ ድረስ ያሸዋል። ቅባቱ ቀለበቱ ሳይጠመዘዝ በቦታው እንዲቀመጥ ያለሰልሰዋል እንጂ ውኃን የሚከለክለው እርሱ አይደለምና፣ ማብዛቱ ጉድፍን ከመሰብሰብ በቀር አይረባም። አንዲት የራስ ጠጕር ወይም የፎጣ ክር በቀለበቱ ላይ ተጋድማ ብትቀር፣ ለባሕሩ በቂ በር ከፍታለታለች። ሞቃትና እርጥብ አየር በማኅደሩ ውስጥ ታፍኖ ከቀረም፣ ቀዝቀዝ ያለው ውኃ ፕላስቲኩን ሲነካው እርጥበቱ ከሌንሷ ፊት ባለው መስኮት ላይ ጤዛ ሆኖ ሥዕሉን ያጠፋዋል፤ ስለዚህ በአዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ ከምናገኛቸው እርጥበት መጣጭ ከረጢቶች አንዷን ከካሜራዋ ጎን ማስገባት ልማድ ሆኗል።

ሁለተኛው ሕግ የብርሃን መታጠፍ ነው። በባዶ ሕዋ በሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ያህል የሚጓዘው ብርሃን በውኃ ውስጥ ወደ 225,000 ኪሎ ሜትር ስለሚቀንስ፣ ከውኃው ወጥቶ በማኅደሩ ጠፍጣፋ መስኮት ወደ አየር ሲገባ ከመንገዱ ይታጠፋል፤ ከዚህም የተነሣ በ1 ሜትር ርቀት ያለው ዓሣ በ75 ሴንቲ ሜትር ላይ ያለ መስሎ ይታያል። ካሜራዋም እንደ ሰው ዓይን በዚሁ ስለምትታለልና የምታተኩረው በሚታየው ርቀት ላይ ስለሆነ፣ ሥዕሉ በዚህ አይበላሽም። የሚጠብበው የእይታዋ ስፋት ነው፤ በየብስ 75 ዲግሪ የምታይ ሌንስ በውኃ ውስጥ 54 ዲግሪ ያህል ብቻ ስለምታይ፣ ትልቅ ነገር በሥዕሉ ውስጥ ለማስገባት የሚፈልግ ሰው ወይ መራቅ፣ ወይም በማኅደሩ ፊት የሚገጠም ሰፊ አንግል ሌንስ መጨመር ግድ ይሆንበታል።

መራቅ ደግሞ ከሦስተኛውና ከሁሉ ከሚበረታው ሕግ ጋር ያጋጨዋል። ውኃ የፀሐይን ኅብራት ሁሉ እኩል አያሳልፍም፤ አስቀድሞ ቀዩን ይውጣል፣ ከዚያም ብርቱካናማውንና ቢጫውን፣ በመጨረሻም ሰማያዊው ብቻውን ይነግሣል። በ5 ሜትር ላይ ቀዩ እጅግ ይደክማል፣ በ10 ሜትርም ከሞላ ጎደል ይጠፋል፤ በጥልቁ ጣቱን የቆረጠ ጠላቂ ከቁስሉ የሚወጣው ደም ወደ አረንጓዴ ያደላ ጥቁር ሆኖ የሚታየው ስለዚህ ነው። በግብፅ፣ በራስ መሐመድ የቀይ ባሕር ገደል ላይ፣ በ20 ሜትር የተንጠለጠለ ለስላሳ ኮራል ለዓይን አመድማ መስሎ ይታያል፤ ነገር ግን የፍላሽ ብርሃን ከቅርብ በወደቀበት ቅጽበት፣ ከውስጡ እንደ ፍም የቀላ ሐር ይወጣል። ቀለሙ ጠፍቶ አያውቅም፤ የሚያበራለት ቀይ ብርሃን ነው ያልደረሰው።

ውኃ ብርሃንን የሚበላው ከላይ ወደ ታች ብቻ አይደለም፤ ወደ ጎንም እንዲሁ ነው። ዓሣው በ1 ሜትር ተኩል ቢቆም፣ የፍላሹ ብርሃን ሄዶ ለመመለስ 3 ሜትር ውኃ ያቋርጣል፤ ከዚያ ቢርቅ ቀለሙን በመንገድ ጥሎ ይደርሳል። በሌንስ ፊት የሚደረግ ቀይ ማጣሪያ መስተዋትም ሰማያዊውን ይቀንሳል እንጂ የሌለውን ቀይ አይፈጥርም፤ ጥቅሙም የፀሐይ ብርሃን ገና ባልደከመበት ጥልቀት ብቻ ነው። በዚህ ላይ በውኃው ውስጥ የሚንሳፈፈው ደቂቅ ብናኝ ይጨመራል፤ የካሜራዋ የራሷ ፍላሽ ከሌንሷ አጠገብ የተተከለ በመሆኑ፣ በጣርማ በር የተራራ መንገድ ላይ በጉም መካከል ረጅም መብራት እንዳበራ ሾፌር፣ ብርሃኑ ከብናኙ ተንጸባርቆ ወደ ራሱ ይመለስበትና ሥዕሉ በነጭ ነጠብጣብ ይሞላል። መድኃኒቱ ሁለተኛ ፍላሽ በክንድ አስሮ ወደ ጎን ማራቅ ነው፤ ያ ካልተቻለም፣ በመካከል ያለው ውኃ ጥቂት እስኪሆን ድረስ መቅረብ ነው።

በዚህ በመቅረብም ትንሿ ካሜራ ከትልልቆቹ የማታንስበት ጸጋ አላት። ብርሃን የሚቀበለው ሰሌዳዋ ትንሽ ስለሆነ፣ በጥቂት ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ ያለ የጥፍር መጠን ያለው የባሕር ቀንድ አውጣ እንኳ ከፊት እስከ ኋላ ጥርት ብሎ ይታይላታል። ዙሙን የሚጎትት ሰው ግን ዓሣውን ቢያጎላውም በመካከል ያለውን ውኃ አላስወገደምና ደክሞ ይቀራል።

እንግዲህ ይህን ሥራ ለመጀመር የምትሹ አንባብያን፣ አዲሱን ማኅደር መጀመሪያ ካሜራዋን ሳትጨምሩ ባዶውን አጥልቃችሁ ፈትኑት፤ ከባሕር እንደ ወጣችሁም ጨው ሳይደርቅበት ጨው በሌለበት ውኃ ዘፍዝፉት። ሥዕል ለማንሣት ብላችሁ ግን ኮራልን አትርገጡ፣ አትደገፉበትም፤ ብዙውን ጊዜ በዓመት ጥቂት ሴንቲ ሜትር ወይም ከዚያም ያነሰ ብቻ የሚያድግ ሕያው ፍጡር ነውና። በባሕር ውስጥ ጥሩ ሥዕል የሚገኘው በመቅረብ ነው፤ ምንም ሳይነኩ መቅረብ የሚችለውም በውኃው ውስጥ ሳይወዛወዝ መቆምን የተማረ ጠላቂ ብቻ ነው። ስለዚህ ለትልቅ ካሜራ ያሰባችሁትን ገንዘብ አስቀድማችሁ ለመልካም የጠላቂነት ትምህርት አውጡት።